አገር ያቀናው ሰው መቃብር ― የዳንኤል ቡን ሕይወትና የቤተ ሰቡ አጽም

በአገራችን የቀድሞ ልማድ፥ ይልቁንም በጎጃምና በበጌምድር፥ ሰው በመሬት ተከራክሮ ዳኛ ፊት በቆመ ጊዜ ዘሩን ወደ ላይ እየቆጠረ መጀመሪያ ያን መሬት እስከ ያዘው ሰው ድረስ ይደርስ ነበር። ያም የመጀመሪያው ሰው «አቅኚ አባት» ይባላል። ከእርሱ የወረደው መሬትም «አጽመ ርስት» ነው። እነሆ አጽምና ርስት በአንድ ቃል ተሳስረው ሲነገሩ ስንሰማ፥ አቅኚ አባት ማለት በገዛ መሬቱ ላይ የተቀበረ፥ ልጆቹም በመቃብሩ ዙሪያ የሚያርሱ ሰው ነው ብለን እናስባለን።

በዚህ ጽሑፍ ለተማሪ ጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን የማቀርበው አቅኚ ግን ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው። ለሌሎች ሰዎች አገር አቀና፤ ለራሱ ግን ርስት ሳይኖረው ሞተ። በሞተም ጊዜ የተቀበረው በሚስቱ ዘመዶች መሬት ላይ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሰዎች ከሩቅ መጥተው አጽሙን ቆፍረው ወሰዱ፤ ወይም ወሰድን አሉ። ስሙ ዳንኤል ቡን ይባላል።

ይህን ስም የአሜሪካ ልጆች ገና ፊደል ሲቆጥሩ ይሰሙታል። ሥዕሉ የሚሣለውም ራኩን ከሚባል አውሬ ቆዳ የተሠራ፥ ጅራቱ ወደ ኋላ የተንጠለጠለ ቆብ ደፍቶ ነው። (ይህ የሠዓሊዎችና የሲኒማ ሠሪዎች ፈጠራ ነው፤ ሰውዬው የሚደፋው ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ነበር።) ስለ ጀግንነቱ የተጻፈው ብዙ ስለ ሆነ እዚያ ላይ አልቈይም። የምፈልገው መቃብሮቹን እየተከተልሁ ሕይወቱን ማየት ነው፤ የቡን ቤተ ሰብ መቃብር በአንድ ስፍራ የተሰበሰበ ሳይሆን በረዥም መንገድ ዳር እየተንጠባጠበ የሄደ ነውና።

ዳንኤል ቡን የተወለደው በ1734 ዓ. ም. በፔንሲልቬንያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው)። አሜሪካ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ አገር ነበረች። አባቱ ስኳየር ቡን ከእንግሊዝ አገር የመጣ፥ ሸማኔነትንና ብረት ቀጥቃጭነትን አጣምሮ የያዘ ሰው ነበር። በእኛ አገር በቀድሞው ዘመን ሁለቱም ሙያዎች ባለሙያውን ያስንቁት ነበር፤ በዚያ ግን ሰውዬው ከነሙያው ተከብሮ፥ ኩዌከር በሚባሉት ክርስቲያኖች ማኅበር ውስጥ ይኖር ነበር። ይሁን እንጂ ሁለት ልጆቹ ከማኅበሩ ውጭ ስላገቡ ከማኅበሩ ጋር ተጣላ፤ በ1750 ዓ. ም. ግድም አሥራ አንድ ልጆች ያፈራው ይህ ቤተ ሰብ ጓዙን በጋሪ ጭኖ ወደ ደቡብ ተጓዘና በሰሜን ካሮላይና ያድኪን በሚባለው ወንዝ አጠገብ ሰፈረ። ስኳየር ቡን በ1765 ዓ. ም.፥ ሚስቱ ሣራም በ1777 ዓ. ም. ሞተው በዚያ ተቀበሩ። ጆፓ በሚባለው የመቃብር ስፍራ የድንጋይ ጽሑፋቸው እስከ ዛሬ ይነበባል። የቤተ ሰቡ የመጀመሪያው የመቃብር ምልክት ይህ ነው እንበል።

ዳንኤል ትምህርት ቤት የገባው እምብዛም አይደለም። የጻፋቸው ደብዳቤዎች የቃላት አጻጻፍ ስሕተት የሞላባቸው ናቸው፤ መምህሮቻችን ቢያዩአቸው ቀይ ቀለማቸው አይበቃቸውም። ነገር ግን ማንበብ ይወድ ነበር። ለአደን ሲወጣም መጽሐፍ ይይዛል። በ1770 ዓ. ም. በጫካ ውስጥ በእሳት ዳር «የጉሊቨር ጉዞዎች» የተባለውን መጽሐፍ ከጓደኞቹ ጋር ሲያነብቡ ሰንብተው፥ አንዱ አዳኝ በመጽሐፉ ውስጥ ካለ ከተማ ስም ወስዶ አንዱን ጅረት ሰየመው፤ ጅረቱ በኬንተኪ ግዛት እስከ ዛሬ ሉልቤግሩድ ይባላል። በመላው ታሪኩ ውስጥ ደስ ካሰኙኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በ1756 ዓ. ም. የጎረቤቱን ልጅ ርብቃ ብራያንን አገባ፤ አሥር ልጆችም ወለዱ። ኑሮው አደን ነበር። መከር ሲገባ ይወጣል፤ የአጋዘን ቆዳ ሰብስቦ ከወራት በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በኋላ ይመለሳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ እርሻውን የምታርሰው፥ ከአሥሩ ልጆች ሌላ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን የዘመድ ልጆች የምታሳድገው ርብቃ ነበረች። ታሪክ ጸሐፊዎች የባልዋን የጉዞ ማይል ሲቆጥሩ የእርስዋን የድካም ዘመን የቆጠረላት ጥቂት ነው።

ከተራራው ማዶ ኬንተኪ የሚባል፥ ጎሽና አጋዘን የሞላበት አገር እንዳለ ዳንኤል የሰማው በ1755 ዓ. ም. ነው። በዚያ ዓመት የእንግሊዙ ጄኔራል ብራዶክ በፈረንሳዮች ላይ ሲዘምት ዳንኤል ጋሪ ነጂ ሆኖ ዘምቶ ነበር፤ ጦሩም ድል ሆነ። በዚያው ዘመቻ ላይ ጆን ፊንድሊ የሚባል ነጋዴ ስለ ኬንተኪ ሲተርክለት አደረ። የእንግሊዝ ንጉሥ በ1763 ዓ. ም. ማንም ከተራራው ወዲያ እንዳይሰፍር በአዋጅ ከልክሎ ነበር፤ አዋጁን የሰማው ግን ጥቂት ነው። በ1769 ዓ. ም. ዳንኤል ከፊንድሊና ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ተራራውን አለፈ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሾኒ የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ያዙት፤ የሰበሰበውን ቆዳ ሁሉ ወስደው፥ ይህ የእኛ የአደን መሬት ነውና ሁለተኛ እንዳትመጡ ብለው አስጠንቅቀው ለቀቁት። እስኪ ፍርዱን እዩት፤ በሰው ማሳ የተገኘ ከብት እንኳ በእኛ አገር ከዚህ የበለጠ ይቀጣል። እርሱ ግን አልተመለሰም፤ ሁለት ዓመት ያህል በጫካው ውስጥ ቈየ።

በ1773 ዓ. ም. ቤቱን ሸጦ፥ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፥ ሃምሳ ያህል ሰዎችን አስከትሎ ወደ ኬንተኪ ተነሣ። በጥቅምት ወር በመንገድ ላይ ሳሉ የበኩር ልጁ ጄምስ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ተለይቶ ባደረበት ስፍራ የደላዌር፥ የሾኒና የቼሮኪ ሰዎች አደጋ ጥለው ገደሉት። ዕድሜው አሥራ ስድስት ዓመት ነበር፤ ከእኛ ብዙዎቻችን ያለንበት ዕድሜ ነው። ርብቃ ሬሳው እንዲገነዝ አንሶላ ላከች። ሰፋሪዎቹም ፈርተው ተመለሱ። በሚከተለው ዓመት አባትየው ብቻውን ወደዚያ ሄዶ የልጁን መቃብር እንደ ገና አበጅቶ ተመለሰ። ሁለተኛው መቃብር ይህ ነው፤ በቪርጂንያ ምዕራባዊ ጫፍ፥ ቤተ ሰቡ ባልኖረበት መሬት ላይ።

በ1775 ዓ. ም. በመጋቢት ወር ሪቻርድ ሄንደርሰን የሚባል የሰሜን ካሮላይና ዳኛ ባለ ገንዘቦችን አስተባብሮ ከቼሮኪ አለቆች እጅግ ሰፊ መሬት ገዛ። መንገዱን እንዲጠርግ የተቀጠረው ዳንኤል ቡን ነበር። ሠላሳ ያህል መጥረቢያ የያዙ ሰዎች አስከትሎ፥ ከምበርላንድ በተባለው የተራራ በር በኩል ዛፍ እየቆረጠ፥ ምልክት እያበጀ እስከ ኬንተኪ ወንዝ ደረሰ። በዚያም በስሙ ቡንዝቦሮ የተባለውን ምሽግ ሠሩ። በሚከተሉት ሠላሳ አምስት ዓመታት በዚያ በር ያለፉት ሰዎች ከሁለት መቶ ሺህ እንደሚበልጡ ይገመታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛችን አቀና ስንል ጠማማውን ቀጥ አደረገ ማለታችን ነው። ኬንተኪ ግን ዳንኤል ቡን ከመድረሱ በፊት ጠማማ ነበረችን? ለሾኒ ሰዎች ጎሹ በመንገዱ፥ አዳኙም በወራቱ የሚመላለስባት የቀናች አገር ነበረች። በሻጮቹና በገዢዎቹ መካከል በተጻፈው ውል ላይ እንኳ የሾኒ ሰዎች እጅ አልነበረበትም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ስለ ፈሰሰው ደም ሲነገር፥ አንደኛው ወገን ሽፍታ፥ ሌላው ሰላማዊ ገበሬ ተደርጎ ሲጻፍ ባነበብሁ ጊዜ ነገሩ አልተዋጠልኝም።

በ1776 ዓ. ም. በሐምሌ ወር የዳንኤል ልጅ ጀሚማ ከሁለት ጓደኞችዋ ጋር በታንኳ ስትንሸራሸር ተወላጆቹ ማርከው ወሰዷት። ልጆቹ ብልኆች ነበሩ፤ ቅርንጫፍ እየሰበሩ፥ የልብሳቸውን ቁራጭ እየጣሉ ምልክት አስቀሩ። አባትዋም በዚያ ምልክት ተከትሎ በሁለተኛው ቀን አስጣላቸው። በ1778 ዓ. ም. በየካቲት ደግሞ ተራው የእርሱ ሆነ። ብሉ ሊክስ በሚባለው የጨው ምንጭ ጓደኞቹ ጨው እያፈሉ ሳለ እርሱን ለአደን እንደ ወጣ ያዙት። (ጨው ለእነርሱ እንደ እኛ አሞሌ ውድ ነገር ነበር፤ ያለ ጨው ሥጋ ለክረምት አይቈይም።) ጦሩ ብዙ መሆኑን ስላየ ጓደኞቹ ሳይዋጉ እጃቸውን እንዲሰጡ አደረገ። የሾኒው አለቃ ብላክፊሽ፥ ትርጓሜው «ጥቁር ዓሣ» ነው፥ በልማዳቸው መሠረት በሞተ ሰው ፋንታ ልጁ አደረገው፤ ሼልቶዊ፥ ማለት ትልቁ ኤሊ፥ የሚል ስምም አወጣለት። አራት ወር ያህል እንደ ልጅ ሆኖ ከተቀመጠ በኋላ ቡንዝቦሮን ሊወጉ መሰናዳታቸውን ሲያይ አምልጦ፥ አንድ መቶ ስድሳ ማይል ያህል በአራት አምስት ቀን ተጉዞ ምሽጉ ደረሰ። ርብቃ ሞቷል ብላ ልጆቹን ይዛ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተመልሳ ነበር፤ የጠበቀችው ጀሚማ ብቻ ናት። ምሽጉ በመስከረም ወር ተከቦ ሳይያዝ ቀረ። ከዚያም በኋላ የገዛ ወገኖቹ ጓደኞችህን አሳልፈህ ሰጥተሃል፥ ከጠላት ተስማምተሃል ብለው በጦር ፍርድ ቤት ከሰሱት፤ ነጻ ወጣ፥ ማዕርግም ተጨመረለት። ነገር ግን ስለዚያ ክስ ከዚያ ወዲያ መናገር አልወደደም ይባላል።

ሦስተኛው መቃብር በዚያው በጨው ምንጩ በብሉ ሊክስ ነው። ነሐሴ 19 ቀን 1782 ዓ. ም. አንድ መቶ ሰማንያ ያህል የኬንተኪ ሰዎች የእንግሊዝን ወታደሮችና ተወላጆቹን ተከትለው ወንዙ ዳር ደረሱ። ዳንኤል የጠላትን ፍለጋ አይቶ ማዶ የደፈጣ ጦር አለ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ነገር ግን ከመኰንኖቹ አንዱ ፈሪ ያልሆነ ይከተለኝ ብሎ ፈረሱን ወንዝ ውስጥ ሲነዳው ሁሉም ተከተለ። ጦርነቱ የቈየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሰባ ያህል ሰዎች ወደቁ፤ ከነዚያም አንዱ ከአባቱ አጠገብ የነበረው እስራኤል ቡን ነው። ዕድሜው ሃያ ሦስት ዓመት ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ሬሳ ሊያነሡ ሲመለሱ መልኩ የሚለይ ሰው እምብዛም ስላልተገኘ በአንድ ጉድጓድ ቀበሯቸው። ዋናው ጦርነት በዮርክታውን ካበቃ አሥር ወር አልፎት ነበር። ዳንኤል በስተርጅናው ስለዚያ ቀን ሲያወራ ያለቅስ እንደ ነበር የሰሙት መስክረዋል።

በ1784 ዓ. ም. ጆን ፊልሰን የሚባል መምህር ስለ ኬንተኪ መጽሐፍ ሲያሳትም የዳንኤልን ታሪክ ራሱ ዳንኤል እንደሚናገር አድርጎ ጨመረበት። ቋንቋው የሊቅ እንጂ የአዳኝ አይደለም፤ ሆኖም መጽሐፉ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ተተርጉሞ ሰውዬው በአውሮጳ ሁሉ ታወቀ።

ዝናው ሲወጣ ርስቱ ግን እየወረደ ሄደ። ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ የታሪኩ ፍሬ ነገር እዚህ ነውና። በመጀመሪያ ሄንደርሰን ከቼሮኪ የገዛውን መሬት የቪርጂንያ መንግሥት አላውቀውም ብሎ ውሉን ሰረዘው፤ ዳንኤል በደመወዝ ፋንታ የሚጠብቀው መሬት በዚያው ቀረ። በ1780 ዓ. ም. ከራሱና ከጎረቤቶቹ ሃያ ሺህ ዶላር ያህል ሰብስቦ የመሬት ወረቀት ሊገዛ ወደ ቪርጂንያ ሲሄድ፥ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ተኝቶ ሳለ ገንዘቡ በሙሉ ተሰረቀ። አንዳንዶቹ ማሩት፤ ሌሎቹ እዳቸውን ጠየቁት፥ እርሱም ዓመታት ወስዶ ከፈለ።

ከዚያም ቀያሽ ሆነ። በዚያን ጊዜ በኬንተኪ መሬት ይያዝ የነበረው እንዲህ ነው። ሰውዬው የመሬት ወረቀት ይገዛል፤ የመረጠውን መሬት ያስመዘግባል፤ ቀያሹ ሄዶ ይለካዋል፤ ወሰኑም «ከወንዙ ዳር ካለው የዋርካ መሳይ ዛፍ ተነሥቶ፥ ሁለት ምልክት እስካለበት ዛፍ» እየተባለ ይጻፋል። ዛፉ ቢወድቅ፥ ወይም ሌላ ሰው በሌላ ዛፍ ላይ ምልክት ቢያበጅስ? ያኔ አንዱ መሬት በሌላው ላይ እንደ ጣሪያ ሣር ይነባበራል፤ ለአንድ መሬትም ሦስትና አራት ባለቤት ይገኛል። ዳንኤል በወረቀት ላይ ብዙ ሺህ ኤከር ነበረው፤ ነገር ግን ሕጉ የሚጠይቀውን ፎርማሊቲ ሁሉ እስከ መጨረሻው አልፈጸመም። የሸጠው መሬት ባለቤት ነኝ የሚል ሌላ ሰው በመጣ ቁጥር ገዢው ዳንኤልን ይከሰዋል። ካሣ ለመክፈል ሌላ መሬት ይሸጣል፤ በዚያም ደግሞ ይከሰሳል። ርስት ነገር በወረቀት ሲሆን ጫካ የሚያውቀው ሰው ሳይሆን ፍርድ ቤት የሚያውቀው ሰው ያሸንፋል። በዚሁ ዘመን የመጠጥ ቤት ከፍቶ ይነግድ ነበር፤ በ1787 ዓ. ም. ሰባት ባሪያዎችም ነበሩት። ይህንንም መደበቅ አይገባኝም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1798 ዓ. ም. የኬንተኪ ምክር ቤት አንዱን አውራጃ በዳንኤል ቡን ስም ሰየመ። በዚያው ዓመት አንድ ፍርድ ቤት ለምስክርነት ተጠርቶ አልቀረበም ብሎ እንዲያዝ ትእዛዝ አወጣበት። ስሙ በካርታ ላይ ሲጻፍ ሰውዬው ግን በገዛ አውራጃው ፊት መታየት አልቻለም ማለት ነው።

በሚከተለው ዓመት፥ በስድሳ አራት ዓመቱ፥ ወደ ሚዙሪ ተሰደደ። ሚዙሪ በዚያን ጊዜ የእስጳንያ መንግሥት ግዛት ነበረች። የእስጳንያ ሹሞች በክብር ተቀብለው ፌም ኦሴጅ በሚባለው ወረዳ ዳኛና የጦር አዛዥ አደረጉት፤ መሬትም ሰጡት። ሽማግሌው በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይፈርድ ነበር ይባላል፤ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እርሱ ግን አሁንም ወረቀቱን አላሟላም። አሜሪካ በ1803 ዓ. ም. ያን አገር ከፈረንሳይ ስትገዛ የመሬት ኮሚሲዮኑ ማስረጃህ አይበቃም ብሎ ነጠቀው። በብዙ ልመና፥ በ1814 ዓ. ም.፥ የአሜሪካ ኮንግሬስ 850 ኤከር መለሰለት፤ በእኛ በቀድሞው ልክ ስምንት ጋሻ ተኩል ግድም ይሆናል። ወሬው ኬንተኪ ሲደርስ ባለ ዕዳ ነን የሚሉ ሰዎች መጡ፤ እርሱም አብዛኛውን ሸጦ ከፈላቸው። በዚያው ዘመን ከምሥራቅ ተገፍተው ወደ ሚዙሪ ከመጡ የሾኒ ሽማግሌዎች ጋር ተገናኝቶ አብሮ ያድን እንደ ነበር ይነገራል። የእነርሱም የአባቶቻቸው አጽም በኦሃዮ ቀርቶ ነበር።

ርብቃ ከዚህ ቀደም ብሎ መጋቢት 18 ቀን 1813 ዓ. ም. አርፋ ነበር። የተቀበረችው ዛሬ ማርታስቪል ከሚባለው ከተማ አጠገብ፥ ከሚዙሪ ወንዝ ሸለቆ በላይ ባለ ጉብታ ላይ ነው። ጉብታው የብራያኖች፥ ማለት የወላጆችዋ ወገን፥ የቤተ ሰብ መቃብር ነበር። ባልዋም ከእርስዋ ጎን እንዲቀበር ቃል አስገባ።

የሬሳ ሣጥኑን ሳይሞት አሠራ። መጀመሪያ የተሠራውን ሌላ ሰው ሲሞት ሰጠው ይባላል፤ ሁለተኛውን ቤት አስቀምጦ አንዳንዴ እያወጣ ይወለውለው፥ ለልጅ ልጆቹም ይተኛበትና ያሳያቸው ነበር ይባላል። በእኛ ቤት አያቶቻችን መግነዛቸውን ገዝተው በሣጥን እንደሚያስቀምጡ ሁሉ እርሱም ሞትን እንደ ቤት እንግዳ የለመደ ሽማግሌ ሆኖ ነበር። በ1820 ዓ. ም. ቼስተር ሃርዲንግ የሚባለው ሠዓሊ ሥዕሉን ሲሥል፥ ጫካ ውስጥ ጠፍተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ቢጠይቀው፥ መጥፋትስ ጠፍቼ አላውቅም፤ አንድ ጊዜ ግን ለሦስት ቀን ግራ ገብቶኝ ነበር ብሎ መለሰለት። በዚያው ዓመት መስከረም 26 ቀን በልጁ በናታን ቤት ሞተ፤ ሰማንያ አምስት ዓመት ኖሮ ነበር። በጉብታውም ላይ ተቀበረ። በዚያን ጊዜ ድንጋይ አልቆመም፤ የስም ድንጋይ የተቀረጸላቸው አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ይህ መዘግየት በኋላ ምን እንዳመጣ እንመልከት።

በ1844 ዓ. ም. በኬንተኪ ዋና ከተማ በፍራንክፈርት አዲስ የመቃብር ስፍራ ተከፈተ። ከተማይቱ ዝነኛ አጽም አስፈለጋት። ስለዚህ በ1845 ዓ. ም. የኬንተኪ ሰዎች ወደ ሚዙሪ ሄደው፥ ከዘመዶቹ አንዳንዶቹን አስፈቅደው፥ ቆፍረው ሊያወጡ መጡ። መሬቱ በዚያን ጊዜ ከብራያኖች እጅ ወጥቶ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር፤ ባለ መሬቱ ቢያንገራግርም በመጨረሻ እሺ አለ። እነሆ ሰውዬው በሕይወቱ በመሬት እንደ ተረታ በመቃብሩም ተረታ። ሣጥኖቹ በስብሰው ስለ ነበር የተነሡት ትልልቆቹ አጥንቶች ናቸው፤ ቀሪው ከአፈሩ ጋር ተደባልቆ በዚያው ቀረ። አጽሙን ከርብቃ አጽም ጋር በመርከብ ወሰዱ። መስከረም 13 ቀን በብዙ ሕዝብ፥ በሰልፍና በሙዚቃ፥ በፍራንክፈርት ተቀበረ። ከቀብሩ በፊት አንድ ሰው የራስ ቅሉን በጄሶ ቅርጽ አስቀረ።

በመሬት ሙግት ያንከራተተችው፥ ሊያስይዘው ትእዛዝ የወጣበት ኬንተኪ፥ በሞተ በሃያ አምስት ዓመቱ ወገኔ ነው ብላ ወሰደችው ማለት አያስቸግርም። ነገር ግን የወሰደችው እርሱን ነውን? በሚዙሪ ሲነገር የኖረው ወሬ እንዲህ ይላል። ዳንኤል ሲሞት ከርብቃ ጎን ያለው ስፍራ በሌላ መቃብር ተይዞ ስለ ነበር እርሱ ሌላ ቦታ ተቀበረ፤ ከዓመታት በኋላ የቆመው ድንጋይ ግን ስፍራውን ስቶ ቆመ። ዘመዶቹ ስሕተቱን ያውቁ ነበር፤ የመጡት ሰዎች ስላስቀየሟቸው ዝም አሉ። ይህ ወሬ በዚያው ጊዜ በተጻፈ ማስረጃ የተደገፈ አይደለም፤ ስለዚህ እኔም እውነት ነው ብዬ አልጽፍም።

በ1983 ዓ. ም. ግን አንድ የአጥንት ሊቅ ያን የጄሶ ቅርጽ መርምሮ፥ የራስ ቅሉ የጥቁር አሜሪካዊ ሳይሆን አይቀርም የሚል አስተያየት ሰጠ። በጉብታው ላይ ባሪያዎችም ይቀበሩ ስለ ነበር ነገሩ ሊሆን የማይችል አይደለም። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ቅርጹ ሻካራ ስለ ሆነ ምንም አይነገርበትም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ አልተዘጋም። ፍራንክፈርት አጽሙ እኔ ዘንድ ነው ትላለች፤ ሚዙሪም እኔ ዘንድ ነው ትላለች። የታሪክ ተማሪ ለሆንን ለእኛ አንዱን መርጠን ማጨብጨብ አይገባንም፤ የድንጋይ ጽሑፍ ስለ ተቀረጸ ብቻ ከሥሩ ያለው ታወቀ ማለት እንዳልሆነ ማየት ግን እንችላለን።

እኔ ይህን ሳነብ ብዙ ጊዜ ያሰብሁት ስለ ሌላው ሰው ነው። የሊቁ አስተያየት ትክክል ቢሆን፥ በሕይወቱ ሳለ ሰውነቱ እንኳ የራሱ ያልነበረ፥ ስሙን ማንም ያልጻፈለት አንድ ጥቁር ሰው፥ በሰልፍና በሙዚቃ ታጅቦ ከኬንተኪ ወንዝ በላይ ካለው ገደል አፋፍ፥ በተቀረጸ ሐውልት ሥር ከርብቃ ጎን ተኝቷል። ዳንኤል ደግሞ ድንጋይ በሌለበት አፈር ውስጥ፥ ባሪያዎቹ በተቀበሩበት በዚያው ጉብታ ላይ ቀርቷል። ትክክል ባይሆንም ያ ሰውና ጓደኞቹ ዛሬም በጉብታው ላይ ናቸው፤ ጀሚማም እዚያው ተቀብራለች። ናታን በሚዙሪ ደቡብ ምዕራብ፥ ጄምስ በቪርጂንያ መንገድ ዳር፥ እስራኤል በብሉ ሊክስ በጋራው ጉድጓድ፥ ስኳየርና ሣራ በያድኪን ናቸው። ጎብኚዎች በሁለቱም ስፍራ፥ በፍራንክፈርትም በማርታስቪልም፥ «ዳንኤል ቡን እዚህ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ በሁለቱም ስፍራ፥ «አዎን» ይባላሉ።